ለአንድ ሟች አንድ ፎቶ

እናቷና ወንድሟ ከወጡ በኋላ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ የቀረው የሞተው ወንድሟ ፎቶ ነበር። ይህን ያወቀችው ወለሉን ልትወለውል ባልዲውን ስታስጠጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ሚስማሮቹ ተነቅለው ነበር፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ዓይነት ጥቁር ፍሬማቸው፣ ፊታቸውን ወደ ቁም ሳጥኑ አዙረው፣ እንደተቀጡ ተማሪዎች ጎን ለጎን መሬት ላይ ሰንብተዋል። ውሃ እንዳይነካው ብላ የቀረውን አነሳችና ገለበጠችው። ታላቅየው ያን ሁልጊዜ ሊስቅ ትንሽ የቀረው የሚመስል አፉን ይዞ አያት። እናቷ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ይዛ የወረደችው ሌላኛውን ነው፤ በሕይወት ያለውን፣ ታች መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃት የነበረውን።

መወልወያውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሁለቱ ወንድሞቿ ወደ ጦርነቱ ሊሄዱ ሲሉ የተነሱት በአንድ ቀን፣ በአንድ ፎቶ ቤት፣ በአንድ ኮት ነው፤ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ስለነበር አንዱ ተነስቶ ሲያበቃ አውልቆ ለሌላው አቀበለው። ኮፍያው የሁለቱንም ግንባር ሸፍኖታል። ጆሯቸው እንኳ አንድ ነው። የእናቷ አንድ ዓይን ደግሞ ሞራ ለብሷል፤ ሌላኛውም እየተከተለው ነው፤ ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ከያዙ ቆይተዋል። ዛሬ ጠዋት ስኳር መስሏት ሻይዋ ውስጥ ጨው ጨምራ፣ ሰው እንዳያይባት ይመስላል፣ ፊቷን ሳታጨማድድ ጠጥታዋለች። ፎቶዎቹን መለየት ትቸገር ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ገልብጦ ያየላትም የለም።

በየዓመቱ በዚህ ቀን በከተማው አዳራሽ በጦርነቱ የሞቱት ይታሰባሉ። የየሟቹ ቤተሰብ አንድ የግብዣ ካርድና አንድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ፎቶው መድረኩ ሥር በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ቤተሰብ ተሰልፎ በየፎቶው ፊት አበባ ያኖራል፤ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናትየው ቀርታ አታውቅም። ጉንፋን ይዟትም ሄዳለች፣ በዝናብም ሄዳለች። የተመለሰው ልጇ በዳቦ ማከፋፈያው መኪና በር ድረስ ያደርሳትና ለእህቱ አስረክቦ፣ እሱ መኪናው ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ለምን እንደማይገባ የጠየቀው የለም። ዘንድሮ እህትየዋ ለአንድ ሆቴል የሚደርስ የመጋረጃ ስፌት ስለነበረባት እናቱን እጇን ይዞ የማስገባቱ ነገር በእሱ ላይ ወደቀ። አስቀምጫት እወጣለሁ ነበር ያለው።

በእናትና በልጅ መካከል ጠብ የለም። ጠብ ቢሆን አስታራቂ ይፈለግለት ነበር። ጦርነቱ አልቆ ብቻውን በዚያ በር ሲገባ እናቱ በትከሻው ላይ አሻግራ ከኋላው ማን እንደሚከተል አየች፤ እሱም ስታይ አያት። የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጋዝ ሲሊንደር፣ ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ይነጋገራሉ፤ እነዚህ ሲያልቁ ሁለቱም ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራሉ። ሥራ ቦታ ሻለቃ ይሉታል። በጦርነቱ የውሃ ቦቴ ሾፌር እንደነበር ስለሚያውቁ ለማሾፍ ነው፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። አንድ ቀን ጎማ እየቀየረ፣ እህቱ ብሎኑን እያቀበለችው፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ "ምርጫ ቢሰጧት እኔን ትሰጣቸው ነበር። አልቀየማትም፤ እሱ ይሻል ነበር" አላት። ከዚያ የመጨረሻውን ብሎን ተቀብሎ ጎማውን አስሮ ጨረሰ።

አሁን ያ ንግግር ትዝ ብሏት ከአልጋው ተነሳች። ወንድሟ ራሱን ሙታኑ መሐል ተደርድሮ ካየ፣ ያን ቀን ያለው ነገር እንደተረጋገጠለት ይቆጥራል። እናቷ ካወቀች ደግሞ በገዛ እጄ በልጄ ላይ አሟረትኩ ብላ፣ እሱ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ራሷን ስትቀጣ ልትኖር ነው። ሁለቱም ሳያዩ ፎቶው መቀየር ነበረበት።

ደወለችለት፤ አያነሳም። ሲነዳ ስልኩን ከመሪው አጠገብ ባለው መሳቢያ ከትቶ እዚያው ይረሳዋል። መልእክት ልትጽፍ ጀመረች። እማዬ የያዘችው ያንተን፣ ብላ አቆመች። በጽሑፍ ሲታይ ነገሩ የባሰ ሆነባት፤ አጠፋችው። ቀጥላ ለመጋረጃ ቤቱ ባለቤት ደውላ እንደምትዘገይ ነገረቻት። ሴትየዋ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር አለች። ከዚያ ሙታኑ የትም እንደማይሄዱ፣ የሆቴሉ ሰውዬ ግን ከሰዓት በፊት መጥቶ በሩ ላይ እንደሚገተር በረጅሙ አስረዳቻት። እህትየዋ እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ እያለች በሌላው እጇ የሞተውን ወንድሟን በፎጣ ጠቀለለችው። ዘንቢሉ ውስጥ ስትከተው ፍሬሙ ረዝሞ ግማሹ ውጭ ቀረ።

ታክሲው ውስጥ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አቁማ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረች ሴት መስታወት እንደሆነ፣ ከየት እንደገዛችው፣ ስንት እንዳሏት ጠየቀቻት። ፎቶ መሆኑን ስትሰማ የሠርግ መሆኑን ጠየቀች፤ አይደለም ስትባል ወደ መስኮቱ ዞረች። ዋናው መንገድ በሥነ ሥርዓቱ ምክንያት ስለተዘጋ ሾፌሩ በጋራዦቹ ሰፈር ዞሮ ሄደና ሂሳቡን እጥፍ አደረገው። ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ፣ ለሞቱት መንገድ ከሚዘጋ ለቆምነው ቢከፈትልን ምናለበት አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሾፌሩ ደግሞ፣ እዚያ ከሚሄደው ሰው ግማሹ ለነፃው ውሃና ለጥላው ነው ብሎ ጨመረበት፤ ለዚህም ተሳቀለት። እህትየዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። የፎጣውን ጫፍ ሳብ አድርጋ የፍሬሙን አናት ሸፈነችው።

አዳራሹ በር ላይ ክንዱ ላይ ቀይ ሪባን ያሰረ አስተናባሪ ቆሟል። በአዘቦት ቀን የስፖርት አስተማሪ መሆኑን ከአንገቱ ያላወለቀው ፊሽካ ይናገራል። ካርድ ጠየቃት፤ ካርዱ እናቷ ጋ ነው። ዘንቢሉ ውስጥ ያለውን አየ፣ የሟቹን ስም ጠየቀ፣ ስትነግረው ፊቱ በራ። እሱማ መጥቷል አላት። እናትየውን ደረጃውን ደግፎ ያወጣቸው፣ ፎቶውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ያቆመው፣ ከካርዱ ላይ ስሙን ገልብጦ በትንሽ ወረቀት ከፊቱ ያኖረለት እሱ ራሱ ነው።

"ለአንድ ሟች አንድ ፎቶ ነው፣ እህቴ።"

"ያኛው እሱ አይደለም። ተሳስተን ነው።"

"ታዲያ ማነው?"

"ሌላኛው ወንድሜ ነው።"

"እሱስ መቼ ነው ያረፈው?"

"አላረፈም" አለችው። "ዳቦ ነው የሚያከፋፍለው።"

አስተናባሪው ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሥነ ሥርዓቱ ተጀምሯል፤ ጠረጴዛው በካሜራ እየተቀረጸ ነው፤ አሁን አንድ ፎቶ ቢነሳ ሌላውም ቤተሰብ የእኔ በስተቀኝ ይሁን፣ የእኔ ወደ መሐል ይምጣ ማለት ይጀምራል፤ ዓምናም እንዲህ ሆኖ ነበር። ደግሞስ ማን ያውቃል? ሁሉም ወጣት ነው፣ ሁሉም ኮፍያ አድርጓል። እሱ ያውቃላ፣ አለችው እህትየዋ። ሰውየው ይህን አስቦበት እንዳልነበር ከፊቱ ታወቀ። ፊሽካውን በጣቶቹ አገላበጠ፤ ከዚያ ዘንቢሉን ሳትከፍት ከኋላ እንድትቆም አስምሎ አስገባት።

አዳራሹ ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተጠጋግተው ከመደርደራቸው የተነሳ የአንዱ ጉልበት የፊተኛውን ወገብ ይወጋል። መድረኩ ላይ አንድ ኃላፊ ስለ ውለታ ይናገራሉ፤ ማይክሮፎኑ ውለታ የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ያፏጫል፤ ኃላፊው ግን ቃሉን ወደውታል። ከመድረኩ በታች ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። አንዳንዶቹ በጉርድ ፎቶ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ከሌላ ሰው ጋር ከተነሱት ላይ ተቆርጠው፣ ትከሻቸው ላይ ባለቤቱ የማይታወቅ እጅ ቀርቶባቸው ቆመዋል። ወንድሟን ከሩቅ ለየችው፤ መሐል ላይ ነው። ፊቱ የእሱ ነው፤ ከፊቱ ያለችው ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም የታላቁ። ክፉ ነገር ነው ብላ ልታስብ ፈልጋ ነበር፤ ያሰበችው ግን ያኔ ጉንጩ ምን ያህል ሙሉ እንደነበር ነው።

በግድግዳው ጥግ ወደ ፊት ለመሄድ ሞከረች። አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ምስሉ ውስጥ ገባሽብኝ ብሎ በእጁ መለሳት። ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች ሴት ቦታ አጥታ የምትንገላታ መስሏት ወንበሯን አጋራቻትና የባሏን ፎቶ ለማስተለቅ ዘንድሮ የጠየቋትን ዋጋ በጆሮዋ ነገረቻት፤ በዚያ ዋጋ ሰውየውን ራሱን መልሰው ቢሰጡኝ ይቀላል አለች። እህትየዋ ራሷን እየነቀነቀች ወደ ፊት ታያለች። እናቷ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ናት። አጠገቧ ልጇ ተቀምጧል። አልወጣም። እናቱ እጁን ስለያዘችው ይሆናል ያልወጣው። ከጀርባው ፎቶውን ይየው አይየው ማወቅ አይቻልም፤ አንገቱን ደፍቷል።

ኃላፊው ወረቀታቸውን ገለጡ። በሬዲዮ እንደተነገረው ዘንድሮ የሚታሰቡት የወደቁት ብቻ ሳይሆኑ በጦርነቱ ያገለገሉት ሁሉ ናቸው አሉና፣ ዘምተው የተመለሱ ካሉ ከመቀመጫቸው እንዲነሱ ጠየቁ። እዚህም እዚያም ወንበር ተንቋቋ። በክራንች የሚሄድ አንድ ሰው ተነሳ፤ ነርስ የነበረች ሴት ተነሳች፤ ጭብጨባው ሲመጣ እንዳፈሩ ሁሉ ቶሎ ተቀመጡ። እናትየው የልጇን ክርን ገፋች። አልተነሳም። ደግማ ገፋችው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታና ያስር ጀመር።

አበባው በባልዲ መጣ፤ ሰዉም ተነስቶ መሰለፍ ጀመረ። እህትየዋ በዚህ ግርግር ተሽሎክልካ እነሱ ጋ ደረሰች። እናቷ በድምፅዋ ለየቻትና መጋረጃውስ አለቻት። ደረሰ ብላ ዋሸች። ከዚያ እናቷ ቁጭ እንድትል፣ አበባውን እሷ እንደምታኖርላት ነገረቻት። እናትየው እግሬ ምን ሆነ ብላ ተነሳች። ወንድሟ ዘንቢሉን አየ፣ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። እህትየዋ በእሱና በጠረጴዛው መካከል ልትገባ ፈለገች፤ ሰልፉ ግን ጠባብ ነበር፤ እናት፣ ልጅ፣ ከዚያ እሷ ሆነው ቀሩ።

መሐል ላይ ሲደርሱ አስተናባሪው የእናትየውን እጅ ይዞ እዚህ ጋ ነው እማማ አላት። አበባዋን አኖረች። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ሳበችና የፎቶውን መስታወት መጥረግ ጀመረች፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን፣ እንደገና ጉንጩን።  ጠርጋ ስታበቃ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለችለት። ልጇ ራሱን ፊት ለፊት አገኘው። ወረቀቱ ላይ የወንድሙን ስም አነበበ።  ሰልፉ ቆመ፤ ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ አበባውን ከእናቱ አበባ ጎን አኖረና እንደማንኛውም ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ አለፈ።

እናታቸውን አስቀምጠው ሁለቱ መስኮቱ ጋ ቆሙ። ከውጭ የቆሙ መኪናዎች ጣሪያ ይታያል። እህትየዋ ዘንቢሉን ከፈት አድርጋ አሳየችው።

"ዓይኗ ነው" አለችው። "ሌላ እንዳይመስልህ፣ ጋሼ። ገልብጬ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

"ምን ይመስለኛል?"

ዘንቢሉን መልሳ ዘጋችው። መስኮቱን በጣቱ ነካ፤ አቧራ መኖሩን የሚመረምር ይመስል ጣቱን አየ።

"ስትጠርገኝ አየሻት?" አላት።

አየሁ አለችው። ስንቱ ነው የራሱን ለቅሶ ቆሞ የሚያይ ብሎ ሳቀ፤ ሥራ ቦታ ሻለቃ ሲሉት የሚስቀው ዓይነት ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ ለእናታቸው እንዳትነግራት አጥብቆ አስጠነቀቃት። ጠቅልለው ወደ ቤት ይወስዱታል፣ ሚስማሩ ይመታል፣ ሁለቱም በየቦታቸው ይሰቀላሉ፤ እሷ ሳታውቀው ያልፋል። እህትየዋ ተስማማች። የፈራችው ነገር በዚህ ከተዘጋ ቀላል ነው ብላም አሰበች፤ ቢሆንም ወንድሟ ወደ ጠረጴዛው በዞረ ቁጥር ቶሎ ዓይኑን የሚሰብረው ነገር አላማራትም።

ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ፎቶዎቹ መመለስ ጀመሩ። የአንዱ ለሌላው እንዳይሰጥ አስተናባሪው እያንዳንዱን ለሟቹ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። እናቱ፣ ሚስቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ ይላሉ ሰዎቹ፣ ይቀበላሉ። የእነሱ ተራ ሲደርስ አስተናባሪው ፎቶውን አነሳ፤ እጁን የዘረጋለትን ሰው አየ፤ ፎቶውን መልሶ አየ። እህትየዋ በዓይኗ ለመነችው። ሰውየው ግን ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር።

"ለሟቹ ምኑ ነህ?"

"ወንድሙ ነኝ።"

"ምን ወንድሙ?" አለች እናቱ ከጎኑ። "ራሱ ነው እንጂ።"

ከኋላ የነበሩት ወሬያቸውን አቆሙ። አስተናባሪው ፊሽካውን ጨበጠ። ይህ ያለፉት የሚቆሙበት ጠረጴዛ መሆኑን፣ ልጃቸው ደግሞ እግዜር ይመስገን በሕይወት መኖሩን፣ ቃላት እየመረጠ ሊያስረዳ ሞከረ። እናትየው እስኪጨርስ ታገሰችው፤ ከዚያ የማስረዳቱ ተራ የእሷ ሆነ። ታላቅየውን በየዓመቱ ይዛው መጥታለች። ዘንድሮ ያገለገሉ ሁሉ ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል፤ ጆሮዋ ደህና ነው። ይኸኛው አላገለገለም? ውሃ አላመላለሰም? ያለ ውሃ ማን ይዋጋ ነበር?

"በሕይወት ያሉት ራሳቸው ነው የሚመጡት፣ እማማ" አለ አስተናባሪው። "ፎቶ አያስፈልጋቸውም።"

"እሱ አይገባማ። በር ላይ አድርሶኝ ይመለሳል። ፎቶው እንኳ አብሮኝ ይግባ ብዬ ነው።"

እህትየዋ የሆነ ነገር ለመናገር አፏን ከፈተች። "ዓይንሽ" አለች፤ "እኛ ዓይንሽ መስሎን..."

"ልጄን ከልጄ ለመለየት ነው ዓይን የሚያስፈልገኝ?" አለች እናቷ። "ታላቅየው አንድ ዓመት ቤት ቢውል አይቀየመኝም።"

እህትየዋ ዘንቢሉን ቀስ ብላ ወደ ጀርባዋ አዞረችው። ወንድሟ ፎቶውን ተቀበለ። ከፊቱ የነበረችውን ወረቀት አስተናባሪው ራሱ አነሳና የት እንደሚያደርጋት ጠፍቶት ኪሱ ከተታት። እናትና ልጅ ከሰልፉ ወጡ። እሱ፣ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ አላት፤ የተቆጣ አይመስልም።

"ብነግርህ ትገባ ነበር?"

አሰበበት። "አልገባም" አላት።

እናትየው በቃ እንዲህ ነው እንደማለት ራሷን ነቀነቀች።

ሰዉ የየራሱን ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይወጣል። እሱ ግን ወደ ራሱ አዙሮት ነበር። እናቱ በእጇ ዳብሳ የፍሬሙን ጀርባ ስታገኝ ቆመች፤ ከእጁ ወስዳ ገለበጠችውና መልሳ ደረቱ ላይ አስደገፈችለት። ደረጃው ላይ ሰዎች መንገድ ለቀቁላቸው። አንዲት የማያውቋት ሴት፣ አበባ የያዘ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ እናትየው ቀረበች።

"እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ። ልጅዎ ነው?"

"ልጄ ነው" አለች እናትየው። "አሁን መኪናውን ያመጣልኛል።"

ሴትየዋ ፎቶውን አየች፤ ከፎቶው በላይ ያለውን ፊት አየች። እሱ እናቱን ጥላ ሥር ከእህቱ ጋር አቆማት። ከዚያ ፎቶውን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ በሌላው እጁ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ፣ በቆሙት መኪናዎች መሐል ሄደ።